አኩርፎ ማየት

አክስቴ «ይሄ ነገር አልቆ በገላገለን» ትላለች። ይህን ስትል ሪሞቱ እጇ ላይ ነው። ቻናል ለመቀየር አንድ ጣት ይበቃል፤ ጣቷ ግን ድምፅ መጨመሪያው ላይ ነው ያለው። ከጎኗ የምትቀመጠው ጎረቤታችን ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። ይህንኑ የቱርክ ድራማ እዚያ በዓረብኛ ተተርጉሞ ጨርሳዋለች፤ ማን እንደሚሞት፣ ማን ማንን እንደሚያገባ ታውቃለች። ከእኛ መካከል በእርግጥ የተገላገለችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም አንድ ምሽት አታጎድልም። አክስቴ ንዴቱ ሲብስባት «ቆይ፣ አንቺ ልጅ፣ የዚህች ጉደኛ መጨረሻ ምንድን ነው?» ትላለች። ልጅቷ «እትዬ፣ እሷማ...» ብላ አፏን ስትከፍት ደግሞ «ኧረ እንዳትነግሪኝ!» ብላ ጆሮዋን ትይዛለች።

ሰው የማይወደውን ምግብ ይተዋል። የተቀየመው ሰው ቤት እግሩ አይደርስም። ድራማ ላይ ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ደራሲውን እየረገመ፣ ተዋናይዋን እየገሠጸ፣ «ድሮም እነዚህ» እያለ ዓመት ከዓመት ያያል። በእንግሊዝኛ ነገሩ «ሄት ዎቺንግ»፣ እየጠሉ ማየት፣ የሚል ስም ወጥቶለታል። ሐያሲዎች፣ የሥነ ልቦና ሰዎችና የሚዲያ ተመራማሪዎች ብዙ ጽፈውበታል፤ የሚበዛው ጽሑፍ ግን አክስቴን አያውቃትም። እነሱ ያሉትን አንድ በአንድ እያነሳሁ ከሶፋው ጋር ላስተያየው።

መጀመሪያ ነገሩ ወሬ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ቁጥር። የአሜሪካው ጣቢያ ኤችቢኦ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለውን ድራማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2011 ጀምሮ ግንቦት 2019 በ73ኛው ክፍል ጨረሰው። የመጨረሻው ምዕራፍ ስድስት ክፍል ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በታየበት ምሽት አሜሪካ ውስጥ 17.4 ሚሊዮን ሰው አየው። ከዚያ ቅሬታው ጀመረ፤ ተቻኮሉብን፣ ጨለማ ውስጥ አዋጉብን፣ የምንወዳቸውን ሰዎች ባሕርይ ለወጡብን። በአምስተኛው ክፍል፣ ተመልካች ለዓመታት «ነጻ አውጪ» እያለ ያሳደጋት ደኔሪስ እጅ የሰጠችውን ከተማ ከነሕዝቧ በዘንዶዋ አቃጠለች። ዓለም ተንጫጫ። ምዕራፉ እንደ አዲስ ይሠራልን የሚለው አቤቱታ ፊርማ አንድ ሚሊዮንን አልፎ በኋላ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ያ የተረገመ አምስተኛ ክፍል ግን 18.4 ሚሊዮን ተመልካች ነበረው፤ ከእርግማኑ ማግስት የመጣው መጨረሻ ደግሞ 19.3 ሚሊዮን፣ የተከታታዩ ከፍተኛ ቁጥር። ፈራሚዎቹ ከዓለም ዙሪያ ናቸው፣ ተመልካቾቹ የአሜሪካ ብቻ፤ ስለዚህ አንዱን ለሌላው ማካፈል አይቻልም። ቁጣውና ቁጥሩ አብረው መውጣታቸው ግን አይካድም።

በአራተኛው ክፍል ደግሞ አንድ ነገር ሆነ፤ ለእኛ ለቡና ሰዎች የተላከ ይመስላል። በጥንታዊው ግብዣ ጠረጴዛ ላይ፣ ከቀንድ ዋንጫው መካከል፣ የዘመናችን የወረቀት ቡና ኩባያ ተረስቶ ቀረ። ጣቢያው ስህተቱን አምኖ፣ ደኔሪስ ያዘዘችው እኮ የቅጠል ሻይ ነበር ብሎ ቀለደ። እኔን የገረመኝ ያየው ሰው ነው። በሰከንዶች ውስጥ የሚያልፍን ኩባያ በዚያ ጨለማ ምስል ውስጥ ለማግኘት ዓይን ተክሎ ማየት ያስፈልጋል። እንዲህ የሚያይ ሰው በየትኛውም ትርጉም ተመልካች መሆኑን አላቆመም።

አሁን ወደ ማብራሪያዎቹ። በጣም የሚዘወተረው «እስከዚህ ካየሁ አይቀር» የሚለው ነው። የምጣኔ ሀብት ሰዎች የሰመጠ ወጪ ይሉታል፤ የማይመለስ ነገር ስለከፈልን ብቻ መቀጠል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አርክስና ብሉመር እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ሙከራ እዚህ ላይ ሁሌም ይጠቀሳል። በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ቤት የዓመት ትኬት ሊገዙ የመጡ ሰዎች ሳያውቁት በዕጣ ተከፈሉ። አንዳንዱ ሙሉውን 15 ዶላር፣ አንዳንዱ 13፣ አንዳንዱ 8 ከፈለ። ሙሉ የከፈሉት ከሌሎቹ የበለጠ ቴአትር ሲመላለሱ ታዩ። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ሁለተኛውን ግማሽ ነው፤ የዓመቱ መንፈቅ ካለፈ በኋላ ልዩነቱ ጠፍቷል። የከፈሉት ገንዘብ የሚቆረቁረው ለጥቂት ወራት ነው ማለት ነው። ስምንት ዓመት ሶፋ ላይ የሚያስቀምጥ ጉልበት የለውም። አክስቴም ብትሆን የከፈለችው ነገር ቢኖር የመብራት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ማብራሪያ ያላለቀ ነገር ያሳክካል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በርሊን፣ የሥነ ልቦና ሊቁ የኩርት ሌቪን ተማሪ የነበረችው ማሪያ ኦቭሲያንኪና ሰዎችን ሥራ አስጀምራ ታቋርጣቸው ነበር። ማንም ሳያዛቸው ወደ ጀመሩት ይመለሱ ነበር። ልብ አንጠልጥሎ የሚቆም ክፍል የሚሠራውም በዚሁ ነው። ጎረቤታችን ግን መጨረሻውን ታውቀዋለች። ለእሷ የተንጠለጠለ ነገር የለም፤ በየምሽቱ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች። ስለዚህ ይህም ግማሽ መልስ ነው።

ሦስተኛው ዝምድና ነው። ተመራማሪዎቹ ሆርተንና ዎል እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ጽሑፍ፣ ቴሌቪዥን ላይ ያለ ሰውን እያየን ስንኖር የምናውቀው፣ የሚያውቀን፣ የቀረብነው ይመስለናል አሉ። እነሱ ይበልጥ ያሰቡት ካሜራውን እያየ «እንደምን አመሻችሁ» ስለሚለው አቅራቢ ቢሆንም፣ ሐሳቡ ለተከታታይ ድራማ ይብሳል እንጂ አያንስም። እዚህ ቤት የድራማዋ እመቤት በስሟ ትጠራለች፣ ትመከራለች፣ ትሰደባለች። «እሱን ልጅ ተይው ብያት አልነበር?» ትላለች አክስቴ፣ ለእኛ እየተናገረች። ይህ ማብራሪያ ከቀደሙት ሁለቱ ይሻለኛል። ሆኖም ስለ ፍቅር እንጂ ስለ ንዴቱ ብዙ አይነግረንም።

ስለ ንዴቱ የነገረችን የሚዲያ ተመራማሪዋ ኢየን አንግ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሆላንድ ውስጥ «ዳላስ» የሚባለው የአሜሪካ የነዳጅ ቱጃሮች ድራማ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉን ሶፋ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ጋዜጣውና ምሁሩ ደግሞ በአሜሪካ ባህል ተወረርን እያለ ይጮኻል። አንግ «ቪቫ» በተባለ የሴቶች መጽሔት ላይ ትንሽ ማስታወቂያ አወጣች፤ ዳላስን ማየት እወዳለሁ፣ ይህን ስል ግን ሰዎች ግር ይላቸዋል፣ እናንተስ? የሚል መልእክት ነበረው። 42 ደብዳቤ መጣላት። በእነዚህ ደብዳቤዎች ላይ የሠራችው መጽሐፍ እስካሁን በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፉት ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም ሰዎቹን ከመመደቧ በፊት አነጋገራቸውን አዳምጣለች።

ያገኘችው ነገር እንዲህ ነው። የሚጠሉት ሲጽፉ ልባቸው ሙሉ ነው። ርካሽ ነው፣ የገንዘብ ማግኛ ነው፣ ሴትን ያዋርዳል፤ ቃላቱ የተዘጋጁ ናቸው፣ ከአደባባይ የተወሰዱ። የሚወዱት ደግሞ ይቅርታ እየጠየቁ ነው የሚወዱት፤ «አውቃለሁ ቁም ነገር የለውም፣ ግን...» እያሉ። በሁለቱ መካከል የሚያዩትና የሚስቁበት አሉ። እነዚህ ድራማውን እንደ ቀልድ እየቆጠሩ፣ በማፌዝ ከሐፍረት ተጠልለው፣ እንደ ወዳጆቹ አንድም ክፍል ሳያመልጣቸው ያያሉ። «እጠላዋለሁ» የሚለው ቃል ለድራማው የተነገረ አይደለም፤ ለአድማጩ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚወድ ሰው አይደለሁም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ማስታወስ ግድ ይላል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን በአማርኛ እያስተረጎመ ሥርጭት ሲጀምር፣ የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ሥራችንን ይገድላል፣ ባህል ይበርዛል ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ የራሱ ቁም ነገር ነበረው፤ የፊልም ሥራ እንጀራቸው የሆነ ሰዎች መስጋታቸው አያስቅም። ከክርክሩ ግን የተቀረው ሰው የወሰደው አንድ ጠቃሚ ቃል ነው፤ «ልጆቹ ሲያዩ ነው የማየው።» ልጅ የሌለው «ሠራተኛዋ ስታይ» ይላል። አባወራው ጋዜጣ ዘርግቶ ነው የሚያየው፤ ጋዜጣው ግን ለአንድ ሰዓት ገጹ አይገለበጥም። ማስታወቂያ ሲገባ ቀና ብሎ «እኔ የምለው፣ ይሄ ሰውዬ ወንድሟ አልነበረም እንዴ?» ይላል። የሆላንዶቹ ደብዳቤ ጸሐፊዎች የእኛ ጎረቤት ሆነው ቁጭ ብለዋል።

ከቀይ ባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤምቢሲ የተባለው የዓረብኛ ጣቢያ «ኑር» የተባለውን የቱርክ ድራማ በሶርያ ዓረብኛ ተርጉሞ ሲያሳይ፣ የሳዑዲው ታላቅ ሙፍቲ በይፋ አወገዙት። ጣቢያው የመጨረሻውን ክፍል በመላው የዓረብ አገሮች 85 ሚሊዮን ሰው አየው ብሏል። ቁጥሩን ያወጣው ሻጩ ራሱ ስለሆነ እኔ በጥርጣሬ ነው የምይዘው፤ ግማሹ እንኳ ቢሆን የሚያወግዙትና የሚያዩት በአንድ ጣሪያ ሥር እንደነበሩ ይነግረናል።

ሐፍረት ሁሉንም ይፈታል ማለት ግን አልችልም። «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን በማየቱ ማን አፈረ? ጭራሽ ያላየው ነበር የሚያፍረው። ስለዚህ በአንድ ቃል የተጠሩ ሌሎች ነገሮች አሉ።

አንዱ ንቀት ነው። «ሄት ዎቺንግ»ን በአሜሪካ ጋዜጠኝነት ውስጥ ታዋቂ ካደረጉት ጽሑፎች አንዱ የቴሌቪዥን ሐያሲዋ ኤሚሊ ነስባውም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2012 በኒው ዮርከር የጻፈችው ነው። የጻፈችው «ስማሽ» ስለተባለ፣ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቴአትር ሰዎችን ሕይወት ስለሚያሳይ ድራማ ነበር። ሰው እየሳቀበት፣ ምን ያህል ሊበላሽ እንደሚችል ለማየት እየጓጓ ያየው ነበር። ያ ንቀት ግን ድራማውን ምን አደረገለት? ከ11 ሚሊዮን በላይ በሆነ ተመልካች ጀምሮ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ሲከፈት ከ5 ሚሊዮን በታች ወረደ፤ በ2013 ተሰረዘ። የሚያፌዝ ሰው ለጥቂት ጊዜ ጥሩ እንግዳ ነው፤ ቀልዱ ሲያልቅበት ተነስቶ ይሄዳል። ንቀት ዓመታት አያስቀምጥም።

ሌላው የክፉውን ሰው መጥላት ነው። ይህ በጥቅሉ ከጉዳያችን ውጭ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ጸሐፊዎች ስለበዙ ግን ልጥቀሰው። «ሰው ለሰው» በኢቲቪ ሲታይ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ያልረገመ ቤት ስንት ነበር? ያ እርግማን ምስጋና ነው። አስናቀን የጠላ ሰው ድራማውን አልጠላም፤ ድራማው የጠየቀውን ሠራ።

የቀረው ኩርፊያ ነው። እኔ እንደምረዳው የአድናቂው «እጠላዋለሁ» በአብዛኛው ይኸው ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል ጥላቻ ብሎ ስለጠራው ነው ግራ የሚያጋባው። ከማያውቁት ሰው ጋር አይኮራረፉም። ሰው የሚያኮርፈው የሚያባብለው አለኝ ብሎ ሲያምን ነው። ያኮረፈ ልጅ ከቤት አይጠፋም፤ ምሳ አልበላም ይላል፣ ግን ምሳው ከሚቀርብበት ክፍል ጥግ ላይ፣ ሰው በሚያየው ቦታ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ኩርፊያ መገኘትን ይጠይቃል።

የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን አቤቱታ በዚህ ዓይን እዩት። ሰዎቹ የጠየቁት ምንድን ነው? ይጥፋ አላሉም፣ ሽልማት ይከልከል አላሉም። ድጋሚ ሥሩልን ነው ያሉት፤ የጠሉትን ነገር ጨምሩልን አሉ። ይህን የሚል ጠላት የለም። የሚያባብል ሲመጣ የሆነውንም አይተናል፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 ከዚያው ዓለም የተወሰደው «ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን» ሲጀምር በመጀመሪያው ምሽት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ አሜሪካዊ ተቀመጠ። የኤችቢኦ አዲስ ድራማ እንዲያ ሆኖ ጀምሮ አያውቅም። ሽማግሌ ሳይላክ ታረቁ። «ዳላስ»ም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተውን ገጸ ባሕርይ ቦቢን ገላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከነነፍሱ አምጥቶ፣ ያለፈው ምዕራፍ በሙሉ የሚስቱ ሕልም ነበር ብሎ ተመልካቹን አላገጠበት፤ ተመልካቹ ተቆጣ፣ ድራማው ግን እስከ 1991 ኖረ።

ይህ ማለት ሰው የጠላውን ነገር ፈጽሞ አይተውም ማለት አይደለም። ይተዋል፤ ሲተው ግን አይናገርም። «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2016 ሰባተኛ ምዕራፉን 17 ሚሊዮን ተመልካች ይዞ ከፈተ። በዚያ ክፍል የሚወደድ ገጸ ባሕርይ ሚስቱ ፊት ጭንቅላቱ ተቀጥቅጦ ሲሞት፣ ለብዙዎች አበቃ። በ2022 ሲያልቅ በዕለቱ የተከታተለው ከ2.5 ሚሊዮን በታች ነበር። በእነዚያ ዓመታት የኬብል ቴሌቪዥን ተመልካች በጠቅላላው እየቀነሰ ስለነበር ሁሉንም በዚያ ሞት ላይ መጫን አይቻልም። ሆኖም የሄዱት ሚሊዮኖች ደጅ ላይ ቆመው አልጮኹም። የጠላ ሰው ወሬው እንኳ ይሰለቸዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ ስለ አንድ ድራማ ጥላቻ የምንሰማው ከማን ነው ብለን ከጠየቅን፣ መልሱ ከቀሩት ነው። ያልሄዱትን ብቻ ሰብስቦ ለምን አትሄዱም ማለት ለዚህ ነው ግራ የሚሆነው።

ሠሪዎቹ ይህን ያውቃሉ? በከፊል። የተመልካች መለኪያው ዓይን እንጂ አፍ አይቆጥርም። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድን ሥራ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ያየ ሰው «አይቶታል» ብሎ መቁጠር ሲጀምር፣ ሁለት ደቂቃ የሰደበም ሁለት ደቂቃ ያደነቀም አንድ ሆነ። የቱርኮቹ ነገር ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። አክስቴ «ምነው ዝም ብለው ይተያያሉ?» ስትል ያለ ምክንያት አይደለም። ቱርክ ውስጥ አንድ ክፍል በሳምንት አንዴ ይታያል፤ ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት ይበልጣል፤ ምክንያቱም ምሽቱን የያዘ ድራማ የምሽቱን ማስታወቂያ ይይዛል። በሳምንት ውስጥ የአንድ ሙሉ ፊልም ያህል መቅረጽ ስላለባቸው ዝምታው፣ ሙዚቃው፣ ከበር እስከ መስኮት የሚዘልቀው አተያይ ይረዝማል። የኢስታንቡል የድራማ ሠራተኞች ራሳቸው ርዝመቱን ተቃውመዋል። ወደ ውጭ ሲሸጥ አንዱ ክፍል ለሁለትና ለሦስት ይቆራረጣል። አዲስ አበባ ላይ የሚታየው እንግዲህ ኢስታንቡል ላይ በአንድ ምሽት ያለቀው ነገር ነው፤ ማክሰኞ የጀመረ አተያይ ሐሙስ ይጠናቀቃል። የሚናደደው ተመልካች ልክ ነው፣ የሚናደድበትን ብቻ አያውቅም።

ከሁሉ በላይ ግን ድራማው ብቻውን አይታይም። አንድ ምሽት በእነ አክስቴ ሰፈር መብራት ጠፋ፤ ድራማው መሐል ላይ። ጨለማው ውስጥ የመጀመሪያው ድምፅ የስልክ ነበር። «እናንተ ጋ አለ? አለ? እሺ፣ አሁን ምን አለችው? ... ውይ! ምን ዓይነት ደደብ ናት! ... እሺ ከዚያስ?» ግማሽ ሰዓት፣ በሻማ፣ የጠላችውን ድራማ በስልክ አየችው። በማግሥቱ ቡና ላይ ያንኑ ከጓደኛዋ ጋር እንደገና አወሩት፣ እንደገና ተናደዱበት። ስለ ሰፈር ሰው እንዲህ ቢያወሩ ሐሜት ነው፤ ሰው ይቀየማል፣ ነገር ይዞራል። ስለ ቱርካዊቷ ሴት ግን እስከ ሦስተኛው ቡና ድረስ ቢያሟት የሚጎዳ የለም። ይህን ያህል ለመናገር የሚያስችል ሥራ ጥሩ መሆን የለበትም፤ እንዲያውም በጣም ጥሩ ከሆነ ዝም ያሰኛል። በመጠኑ የተበላሸ ድራማ አፍ ያስከፍታል። ጎረቤታችን መጨረሻውን እያወቀች የምትመጣውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ቤይሩት ሳለች አብራት የምትናደድ አልነበረችም። ብቻዋን፣ በሰው ቤት፣ ድምፁን ቀንሳ ነው ያየችው።

ድራማውም አንድ ቀን አለቀ። አክስቴ በመጨረሻው ምሽት «ተመስገን፣ ተገላገልን» ብላ ቴሌቪዥኑን አጠፋች፤ ጎረቤታችንም ደህና እደሩ ብላ ሄደች። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ብሄድ ሁለቱም ቦታቸው ላይ ናቸው። አዲስ ጀምሯል። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

«ይሄስ ደግሞ ምን ዓይነት ጣጣ ነው?» አለች አክስቴ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄንንስ ቤይሩት አይተሽዋል?»

«ይሄን አላየሁትም፣ እትዬ» አለች ጎረቤታችን፣ ወንበሯን ወደ ፊት እየሳበች።